ባዶ የቀረው የማስረጃ ዝርዝር

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል አቤቱታ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ በታይፕ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ነው። በሲዳምኛ የሚጻፈውን አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ትጽፋለች፤ የአማርኛው የእኔ ነው። ሕግ ተምሬ ዲግሪ አልያዝኩም። ይሁን እንጂ የውርስ፣ የቀለብ፣ የድንበር፣ የብድር ክስ ስጽፍ ከመኖሬ ብዛት፣ ባለጉዳዩ ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ነገሩ የትኛው እንደሆነ ከአኳኋኑ እለየዋለሁ። የውርስ ከሳሽ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ይመጣል። ቀለብ የምትጠይቅ እናት ልጇን ታስከትላለች። የድንበር ተከራካሪ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ በጣቱ መስመር ማስመር ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የመጣውን ወጣት ግን መለየት አቃተኝ። እጁ ላይ አንዲት ወረቀት የለም። ተቀምጦም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልክዎን ከዚህ ራቅ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። የእሱ የት እንዳለ ስጠይቀው ጁስ ቤት ለምትሠራ ዘመዱ ሰጥቷት እንደመጣ ነገረኝ። ስልኬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ተመለስኩ።

የሚከተለውን የምጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ሥራውንም አልናገርም። ስለ ሰው ገመና መከበር እየጻፍኩ የሰውን ገመና አደባባይ ማውጣት አይሆንልኝም።

ወጣቱ ስለ ፖለቲካ በአደባባይ የሚናገር ነው። በስሙ ይጽፋል፣ እኩዮቹን ያሰባስባል፣ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ በልተው፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ዋርካ ሥር አረፍ አሉ። ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ አስበው ስለነበር የሚነጋገሩት ስለ እሱ ነበር። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ እነሱም የሚመክሩት ደብዳቤውን ማን ይጻፈው፣ ማን ይፈርምበት በሚለው ላይ ነበር። በወሬው መካከል እሱ፣ «ካልሆነልን ሻማ ይዘን እዚሁ ሐይቁ ዳር ዝም ብለን እንቆማለን፤ ዝምታ እንደሆነ ፈቃድ አይጠየቅበትም» አለ። ሳቁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተለያዩ።

ማክሰኞ ጠዋት ለጥያቄ ተጠራ። ያነጋገረው ሰው አልተቆጣም፣ አልዛተም፤ እንዲያውም ሻይ አዘዘለት። ስለ ቤተሰቡ ጠየቀው፤ ስለ ሥራው ጠየቀው። ሊሸኘው ብድግ ካለ በኋላ ነው፣ ፈገግ ብሎ፣ «ዝምታ ፈቃድ አይጠየቅበትም አልክ አሉ» ያለው። ቃል በቃል።

ይህን ሲነግረኝ እዚህ ላይ አቆመ። የጠረጴዛዬን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይፍቅ ጀመር። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እትዬ፣ አራት ሰው ነበርን። አራት ስልክ ነበር። ወይ ከሦስቱ ጓደኞቼ አንዱ ነው፣ ወይ ከአራቱ ስልኮች አንዱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አብሬያቸው መቀመጥ አልቻልኩም። አንደኛው አብሮ አደጌ ነው። የእናቴን ሬሳ የተሸከመ ልጅ ነው። ስልኩን ካነሳሁ ድምፁን እየሰማሁ 'አንተ ነህ?' እላለሁ በልቤ።»

«ታዲያ ምን እንዲወሰንልህ ትፈልጋለህ?» አልኩት። የአቤቱታ ጸሐፊ ጥያቄ ነው፤ ሁልጊዜ የምጠይቀው።

«ካሳ አልፈልግም። ማንም እንዲቀጣልኝም አልፈልግም። ሰው ነው ወይስ ስልክ? ፍርድ ቤቱ ይህን ብቻ ይንገረኝ። ስልክ ከሆነ ጓደኞቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዳኝነት ጠይቅልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጻፍኩለት። ከላይ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ቀጥሎ ከሳሽ፣ ቀጥሎ ተከሳሽ፣ ከዚያ የነገሩን አመጣጥ በተራ ቁጥር አሰፈርኩ። ለሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጠሁት። ከሁሉም ቃል የሚገዛኝ በንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ያለው ነው፦ ሰው የሚጽፋቸው፣ የሚላላካቸው ደብዳቤዎች፣ በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች «አይደፈሩም» ይላል። አይደፈሩም! ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ለሴት ልጅ ክብር፣ ለታቦት፣ ለሀገር ድንበር የምንጠብቀው ቃል ነው። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች የስልክ ወሬያችንን ከእነዚህ ጎን ማቆማቸው ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ደረስኩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 ክስ የሚያቀርብ ሰው የማስረጃ ዝርዝር እንዲያያይዝ ያዝዛል። ርእሱን ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት። «1ኛ፦ የሰው ማስረጃ» አልኩ። ማንን ልጥራ? ምስክር የሚሆኑት እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ እሱ የሚጠረጥረው ደግሞ እነሱኑ ነው። «2ኛ፦ የሰነድ ማስረጃ» አልኩ። የለም። በቁጥር 145 መሠረት በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲቀርብ መጠየቅ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ በውርስ ክርክር ከባንክና ከማዘጋጃ ቤት በየሳምንቱ የማስጠይቅበት ቁጥር ነው። ነገር ግን በዚያ ስጠይቅ የትኛው ሰነድ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በምን ቁጥር ብዬ መጻፍ አለብኝ። ይህ ልጅ መዝገብ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ካለም የት እንዳለ አያውቅም። ጠቋሚው ገጹ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

በሕጉ ቁጥር 33 ከሳሽ የሚሆን ሰው በነገሩ ላይ ጥቅም ሊኖረው ይገባል፤ በቁጥር 231 ደግሞ የክስ ምክንያት የማይታይበት አቤቱታ ተቀባይነት አያገኝም። ልጁ ቢታሰር ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቤቱታውን ጨርሼ እሰጠው ነበር። ለታሰረ ሰው ቁጥር 177 አለ፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ ዳኛው የያዘውን ሰው ጠርቶ «በምን ሥልጣን ያዝከው?» ብሎ ይጠይቃል። የታሰረ ሰው መታሰሩን ማስረዳት አያስቸግረውም፤ ያለበት ቦታ ይመሰክርለታል። የሚታይ ሰው ግን መታየቱን በምን ያስረዳል? ይህ ጥያቄ ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የያዝኩት፤ አንድ የማውቃቸው ጠበቃ የውጭ ሀገር ፍርዶችን አተሙልኝ፣ እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ ማታ ማታ ተቀመጥኩባቸው።

የመጀመሪያው የእኛው ሰው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ፣ በሜሪላንድ የሚኖር፣ በሀገሩ ፖለቲካ የሚሳተፍ። ቤተሰቡ እንዳይጎዳበት በእውነተኛ ስሙ አልከሰሰም፤ መዝገቡ የሚያውቀው «ኪዳኔ» ብሎ ነው። በኢሜይል የመጣለትን የዎርድ ሰነድ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጋቢት ድረስ የስካይፕ ወሬው እየተቀዳ ይላክ ነበር። ከሁሉ የከነከነኝ አንዲት ጥቃቅን ነገር ናት፦ ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ በኢንተርኔት የፈለገውም አብሮ ተመዝግቧል። አባትን ልከታተል ብሎ የገባ ዓይን የልጁን የቤት ሥራ ሲያነብ! እኔም ሁለት ልጆች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲያጠኑ ያሳደግኩ ነኝና ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ኪዳኔ እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ያለው ነገር የእኔ ባለጉዳይ ልጅ የሌለው ነው፤ ማስረጃ አለው። ሶፍትዌሩ በኮምፒውተሩ ላይ ተገኝቷል፤ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም የዚህን ሶፍትዌር አሻራ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር አያይዞ በ2013 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሆኖም ተረታ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የሰጠው ምክንያት፣ የውጭ መንግሥት የሚከሰሰው ጥፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሜሪካ ምድር ላይ ሲፈጸም ነው፤ ይህኛው ግን የታሰበውም የተላከውም ከውጭ ነው የሚል ነበር። ሰውየው ቤቱ ሳሎን ተቀምጦ የተሰለለ ነው፤ ሕጉ ግን ጥፋቱ እዚያ አልተፈጸመም አለው። በቴክኖሎጂ ዘመን ሌባው ሀገር ሳያቋርጥ ይገባል፤ ዳኝነቱ ድንበር ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሰላማዊ ፖለቲከኞችን እየተከታተለ መዝገብ እንደሚይዝ ይፋ ወጣ። የተከታተሏቸው ሰዎች ክስ መሠረቱ። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ «እየታየሁ ነው ብዬ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ» ማለት ብቻውን ለክስ አያበቃም ብሎ መለሳቸው። ተጨባጭ ጉዳት አምጡ ነው ነገሩ። ይህን ሳነብ የባዶዋ ገጽ ነገር ድንገት ግልጽ ሆነልኝ። የእኔ ልጅ ጉዳት ተጨባጭ አይደለም? ከአብሮ አደጉ ጋር ቡና መጠጣት ያቃተው ሰው ምን ቢያቀርብ ነው ተጎዳ የሚባለው?

ከዚህ በተቃራኒ ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነው ነገር ተስፋ ሰጠኝ። ሳም ሶል የተባለ የምርመራ ጋዜጠኛ ስልኩ እንደሚጠለፍ ለዓመታት ይጠረጥር ነበር። ጠየቀ፤ መልስ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2015 በሌላ የፍርድ ቤት ክርክር ላይ፣ እሱ ከአንድ ዐቃቤ ሕግ ጋር በስልክ ያደረገው ንግግር በጽሑፍ ተገልብጦ ከሰነድ ጋር ተያይዞ ወጣ። እንግዲህ ያወቀው በአጋጣሚ ነው፤ ማንም ጠርቶ አልነገረውም። አማቡንጋኔ ከተባለው የጋዜጠኞች ማዕከል ጋር ሆኖ ከሰሰ። የካቲት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የጠለፋ ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጣጣም ብሎ አወጀ። ከሰጠው ትእዛዝ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፦ ጠለፋው ባለቀ በ90 ቀን ውስጥ ሰውየው በጽሑፍ ይነገረው። ዳኛ ካመነበት ማራዘም ይቻላል፤ የማራዘሚያው ጣሪያ ግን ሁለት ዓመት ነው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር! ተመልክተንህ ነበር፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፤ በዚህ ዳኛ ፈቃድ፤ አሁን ጨርሰናል። ጀርመኖች ይህን ጉዳይ ከእነሱ ቀድመው አንስተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው የክትትሉ ዓላማ የማይሰናከል ሲሆን ሰውየው እንዲነገረው ወስኗል።

አሁን ስለ እኛ ሕግ ልበል፤ እኔ አቤቱታ የምጽፈው እዚህ ነውና። የስልክ ጠለፋ በኢትዮጵያ ሕግ ያለ ገደብ አልተለቀቀም። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ክትትልን በፍርድ ቤት ፈቃድ ነበር የፈቀደው። ሆኖም በአንቀጽ 23 የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ሳይገለጽ በማስረጃነት ይቀርብ ዘንድ ፈቅዶ ነበር። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ «ከየት አመጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ ካልቻለ ክርክሩ ከምን ጋር ነው? ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ በአንቀጽ 25 መርማሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲጠልፍ ይፈቅዳል፤ አጣዳፊ ከሆነ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ፈቅዶ በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ይላል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ዳኛ አለ። መውጫው ላይ ማን አለ? በእነዚህ አዋጆች ውስጥ ክትትሉ ካበቃ በኋላ ሰውየው ይነገረው የሚል አንቀጽ ስፈልግ አመሸሁ፤ አላገኘሁም።

ዳኛው የሚሰማው አንደኛውን ወገን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ይህ ግድ ነው፣ ሌባን ስልክህን ልጠልፍ ነው ብለህ አትጠይቀውም። ፖሊስ ጨርሶ አይከታተል የሚል ሰው አይደለሁም። በዚህችው ክፍል ውስጥ ልጆቻቸው በደላላ ተታልለው ወደ ሞያሌ የተነዱባቸው እናቶች አልቅሰው አቤቱታ አስጽፈውኛል፤ ደላላው በስልክ ንግግሩ ቢያዝ እልል የምለው እኔ ነኝ። የሐይቁ ዳሩ ልጅ ግን ሰው አልሸጠም። ደብዳቤ ማን ይጻፍ ብሎ ነው የመከረው።

ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌም ሳልናገር አላልፍም። ጆን ካት ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የተወለዱ፣ ጦርነት የሚቃወሙ፣ በወንጀል ተፈርዶባቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። በብራይተን ከተማ ካለ የጦር መሣሪያ አካላት ፋብሪካ ደጃፍ ሰዎች ለተቃውሞ ሲሰበሰቡ እሳቸው ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው የሰልፉን ሥዕል ይሥላሉ። የእሳቸው ዕድል የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ መኖሩ ነው፤ በ2010 «ስለ እኔ የያዛችሁትን አሳዩኝ» ብለው ፖሊስን ጠየቁ። 66 መዝገብ መጣላቸው። አንዱ ላይ ወንበራቸውን ይዘው በር አጠገብ እንደተቀመጡ፣ ሥዕል የሚሥሉ እንደሚመስሉ ተጽፏል። በደረቅ የፖሊስ ቋንቋ! ከዚያ በኋላ የሄዱበትን መንገድ ሳስበው ጉልበቴ ይዝላል፦ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፣ ይግባኝ ሰሚው ፈረደላቸው፣ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ ፈረደባቸው፣ በጥር 2019 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የግል ሕይወታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደላቸው። ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር። ክርክራቸው በሙሉ የተሠራው ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን በተገኘው ወረቀት ላይ ነው። ባያሳዩዋቸው ኖሮ እሳቸውም የማስረጃ ዝርዝራቸው ባዶ ይሆን ነበር።

እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 1321/2016። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት በሕጋችን መጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ የሚበልጥ ተስፋ የጣልኩት ግን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ላይ ነው። በአንቀጽ 11 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለማስከበር ተገቢውን ውሳኔና ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከሳሹም የራሱ ጥቅም ያለው ብቻ አይደለም፤ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ስለ ሌላው መብትም መክሰስ ይችላል። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ለልጁ የደወልኩት፤ ከዚያ ስልክ መሆኑ ትዝ ሲለኝ «ብቅ በል» ብዬ ብቻ ዘጋሁት።

መጣ። አነበብኩለት። ጥሞና ሰጥቶ ሰማኝና፣ «እትዬ፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ግን ስገባ ምን ይዤ ነው የምገባው?» አለኝ።

በሀገራችን ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ዕድሜ ጠገብ ነው። ያደግኩት ቀበሌው የሚሰማበት ዘመን ላይ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋቀር፣ ይመዝገብ ተባለ። ከዚያ ስልኩ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲያዙ፣ ክሱ ውስጥ ራሳቸውን ከስለላ ለመጠበቅ የወሰዱት የዲጂታል ደኅንነት ስልጠና በሽብር ማስረጃነት ቀርቦባቸዋል። ገመናን መሸፈን ራሱ ጥፋት ሆኖ ተጻፈ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በእስር የቀሩትን አራቱን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ከታሰሩ በኋላ።

ሰዎች ስለ ክትትል ሲናገሩ የሚያነሡት የታየውን ሰው ነው። እኔ ከዚያ ልጅ ጋር ከተቀመጥኩ ወዲህ የማስበው አጠገቡ ስለተቀመጡት ነው። ኬት ዊልሰን የምትባል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ነበረች፤ እንግሊዝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያገኘችው፣ የወደደችው፣ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብራው የኖረችው ሰው ስሙን ለውጦ የገባ ፖሊስ ነበር። ያወቀችው በ2010 ነው። በ2021 የክትትል አቤቱታዎችን የሚያየው ልዩ ችሎት ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን ጨምሮ አምስት መብቶቿ እንደተጣሱ ወሰነ፤ በተከታዩ ዓመት ከ229 ሺህ ፓውንድ በላይ ካሳ ተፈረደላት። እሷ ጥርጣሬዋ እውነት ሆኖ አገኘችው። የእኔ ልጅ ግን ምናልባት በሐሰት ጥርጣሬ ጓደኛ እያጣ ነው። ምናልባት ሦስቱም ንጹሐን ናቸው። ምናልባት ያ ሻይ ያዘዘለት ሰው ያችን ዓረፍተ ነገር የወረወረው ይህንኑ አስቦ ይሆናል፤ አራቱን ለመበተን አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ማወቅ አይቻልም። ይህ ነው ለፍርድ ቤት ያልገባው ጉዳት፤ የምርመራ ወረቀትም የሐኪም ማስረጃም የማይወጣለት።

አቤቱታውን አላስገባም። አትሜ ሰጠሁት፤ የገጹን ዋጋ ከፈለ፤ እኔ አልቀበልም ብለውም በግድ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ሄደ። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ስድስት ገጽ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ሁለት ርእስ ብቻ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ዝናብ በሚያባራበት ሰዓት፣ ሌላ ወጣት ገባ። ረጅም ነው፤ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ርሷል። እሱም ባዶ እጁን ነበር። ስልኩን ግን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ጓደኛዬ እርስዎ ጋ እንደመጣ ሰምቻለሁ» አለ። «ምን እንዳለዎት አልጠይቅዎትም። እኔ የመጣሁት የራሴን እንዲጽፉልኝ ነው።»

«ምን ልጻፍልህ የእኔ ልጅ?»

«እኔ አይደለሁም ብለው ይጻፉልኝ።»

ወንበር አሳየሁት። ተቀመጠ። አዲስ ገጽ ከፈትኩ፤ እጄ እንደ ልማዱ ከላይ በግራ በኩል «ለ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቆመ። ልጁ ጠበቀኝ። ለማን እንደምጽፈው ጠየቅኩት። እሱም ይህንኑ ሊጠይቀኝ እንደመጣ ነገረኝ።